የአባታችን ቮልስ ለምን ዘለለች?



በዚህ ወር ወደ የጁቤ፣ ወደ ቤተሰባችን ግቢ ይዘናችሁ እንገባለን። የምንነጋገረው ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገንና ስለ ደከመው አሞርዛተሯ ነው። አንዳንዱ ሾክ አብዞርበር ይለዋል። «እኛ መኪና የለንም፣ ጉዳዩ አይመለከተንም» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። መኪና ያለው ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ መኪና የማይሳፈር ወይም መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር የማይሄድ የለም።

አባታችን ቮልሷን የገዟት እኛ ሳንወለድ ነው። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ቮልስ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ዓይነት መኪና ነበር። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ በዓለም የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን በልጠው ነበር። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። ስለዚህ በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጠግኖ ማቆየትን ይመርጣል። የእኛዋም ለቤታችን ብቻ የምትሠራ አይደለችም። ምጥ የያዛትን እናት፣ ሌሊት የታመመውን ሽማግሌ ለሰፈሩ ስታደርስ ኖራለች።

አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት ከደብረ ማርቆስ ስንመለስ፣ ቁልቁለት ላይ አህያ የሚነዱ ልጆች መንገዱን ሲያቋርጡ አየን። ፍሬን ያዝን። መኪናዋ ግን አልቆም አለች፤ ጠጠሩ ላይ እየዘለለች ወደ ዳር ተንሸራተተች። አንደኛውን ልጅ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፍነው። ልጁ ሳቀ። እኛ ግን ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ እጃችን ተንቀጥቅጦ ቁልፉን መያዝ አቃተን። አልሐምዱሊላህ፣ ጉዳት አልደረሰም።

«ፍሬን ነው» ብለን ነበር

ማታውኑ ጥፋቱን በፍሬኑ ላይ ፈረድን። በነጋታው ጎማዎቹን ፈታን፤ የፍሬኑ ሸራ ደኅና ነው፣ ዘይቱም ሙሉ ነው። ግራ ገብቶን ስንቆም አባታችን ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡና እንዲህ አሉን፦

«ልጄ፣ ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው። መኪናዋን የሚያቆማት መሬት የያዘ ጎማ ነው። ጎማው አየር ላይ ከሆነ ፍሬን ምን ያደርጋል?»

ከዚያም የፊቱን ፓራፋንጎ በሙሉ ክብደታችን ተጭነን እንድንለቀው አዘዙን። ጤነኛ መኪና ብድግ ብሎ ይረጋል። የእኛዋ 4 ጊዜ ወጣች፣ ወረደች። ያሳፈረን ይህን ከዚያ በፊት አለማየታችን አይደለም። በየቀኑ እናየው ነበር፤ «ቮልስ ስታረጅ ትዘላለች» እያልን እንደ ጠባይዋ ቆጥረነው ኖርን። ቀስ በቀስ የሚመጣ ብልሽት እንዲህ ነው፤ ሰው ይለምደዋል እንጂ አያየውም።

አሞርዛተር ምን ይሠራል?

መኪና ጉድጓድ ሲያገኝ ምቱን የሚቀበለው ባሌስትራ ወይም ሞላ ነው። በእኛዋ ቮልስ ይህን የሚሠራው በመጠምዘዝ የሚመለስ ብረት ነው። ታዲያ እነዚህ ሁሉ የተቀበሉትን ጉልበት መልሰው ይወረውሩታል። ብቻቸውን ቢተዉ መኪናው ከአንድ ጉድጓድ በኋላ እንደ ኳስ ይነጥራል።

ያን ንጥረት የሚገድለው አሞርዛተር ነው። በዘይት በተሞላ ቱቦ ውስጥ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ ስለሚያልፍ እንቅስቃሴው ይከብዳል፣ ጉልበቱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የብስክሌት መንፊያን አፍ በጣታችሁ ጋረድ አድርጋችሁ ብትገፉት ነገሩ ይገባችኋል። ዘይቱ ሲፈስ ወይም የውስጡ ቫልቭ ሲበላ ፒስተኑ ያለ ተቃውሞ ይመላለሳል፤ ጎማውም መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል።

መድከሙ በእነዚህ ምልክቶች ይታወቃል፦ ቱቦው ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ይለጠፍበታል፤ ጎማው እኩል አይበላም፣ እየጎደጎደ ይበላል፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ወደ መሬት ይደፋል፤ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ትዋልላለች። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ ወርዶ የወጣ ሰው፣ እንዲህ ያለ መኪና በዚያ ጥምዝ ላይ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅተውም።

የግዢው ነገር

አሞርዛተር በጥንድ ይቀየራል፤ የፊቱ ከፊቱ፣ የኋላው ከኋላው ጋር። አንዱን ብቻ አዲስ ማድረግ መኪናዋን ወደ አንድ ጎን ያስባታል። እኛ 4ቱንም ልንቀይር ወሰንን።

የመጀመሪያዎቹን 2 ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ በርካሽ ገዛን። ጥቁር ቀለማቸው ያብረቀርቃል። ቤት ስንደርስ አባታችን አንዱን አቁመው ዘንጉን ገፉት፤ እጃቸው ሳይከብደው ገባ። ቀለሙ ሲፋቅ ዝገት ወጣ። አሮጌ ዕቃ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ገንዘባችንም አልተመለሰልንም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን በቁሙ ይዛችሁ ግፉት፣ ሳቡት። በጠቅላላው መንገዱ እኩል ሊከብድ ይገባል፤ ባዶ ቦታ ካገኛችሁ ተዉት። ዘንጉም ጭረትና ዝገት አይኑረው። ትክክለኛዎቹን በኋላ ያገኘነው አዲስ አበባ፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ ፈላጊ ሁሉ በሚያውቀው ሶማሌ ተራ ዞረን ነው።

ሥራው

በዋዜማው ቡሎኖቹን በብረት ብሩሽ ጠርገን ፀረ ዝገት ዘይት አጠጣናቸው። የዛገ ቡሎን በጉልበት ሲፈታ ይበጠሳልና ይህን አትዝለሉ።

በማግስቱ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቆምን፤ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ ማርሽ አስገብተን፣ መሬት በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አደረግን። የጎማውን ቡሎኖች ገና መሬት ላይ ሳለች አላልተን በክሪክ አነሣናት። ታናሽ ወንድማችን ማስደገፊያ ብሎ ብሎኬት ይዞ መጣ። አባታችን ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ክሪክም ማንሻ እንጂ ማቆያ አይደለም። መኪና የሚቀመጠው በብረት ማስደገፊያ ወይም በማይነቃነቅ ወፍራም ግንድ ላይ ነው። ያ ሳይሆን ማንም እጁንም ቢሆን ከሥር አያስገባ።

ከኋላው ጀመርን። አሞርዛተሩ ከላይና ከታች በ2 ቡሎን ታስሯል፤ ብዙውን ጊዜ 17 ወይም 19 ቁጥር መፍቻ ይበቃዋል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አሞርዛተሩ ስለሚወጠር፣ ሌላ ክሪክ ከሥር አስገብተን ክንዱን ጥቂት ከፍ ስናደርገው ቡሎኑ ያለ ድብድብ ወጣ። የፊቱ በላይኛው ጫፍ በዳዶና በጎሚኒ ነው የተያዘው፤ ዳዶው ሲፈታ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በሌላ መፍቻ ይያዛል። የሮንዴላዎቹንና የጎሚኒዎቹን ቅደም ተከተል ወንድማችን በወረቀት ሥሎ ያዘ። አዲሱን ከመግጠማችን በፊት በቁሙ ይዘን 5 ጊዜ ገፍተን ሳብነው፤ በዘይቱ ውስጥ የገባው አየር እንዲወጣ ነው። የመጨረሻውን ማጥበቅ ያደረግነው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለ ቢጠብቅ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የወጡት 1302 እና 1303 የተባሉት ቮልሶች፣ እንዲሁም ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች፣ የፊት አሞርዛተራቸው በታፈነ ሞላ ውስጥ ነው። ያ ሞላ ያለ ልዩ መሣሪያ ከተፈታ ሰው ሊገድል ይችላል። እርሱን ለጋራዥ ተዉት።

ወደዚያው ቁልቁለት

ሥራው ከጧት እስከ ዐስር ወሰደብን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተን ቡሎኖቹን ደግመን አጠበቅን። ከዚያም አባታችንን አሳፍረን ወደዚያው ቁልቁለት ሄድን። መንገዱ ባዶ መሆኑን አይተን ፍሬን ያዝን። ቮልሷ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ በቀጥታ ቆመች። አባታችን ምንም አልተናገሩም፤ ልጆቹ ያቋረጡበትን ቦታ ግን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

አንባቢያን ሆይ፣ ቤታችሁ መኪና ካለ ዛሬውኑ 4ቱንም ማዕዘን ተጭናችሁ ልቀቁ። የምትሳፈሩበት ሚኒባስ ከጉድጓድ በኋላ መወዛወዙን የማያቆም ከሆነ ለሹፌሩ በመልካም አንደበት ንገሩት፤ እርሱም እንደኛ ለምዶት ይሆናልና። ወጣቶች፣ ከአባቶቻችሁ ጋር መፍቻ ያዙ። የፈሰሰውን ዘይት ግን በዕቃ አጠራቅሙ እንጂ የጎረቤት ጉድጓድ ወዳለበት አትድፉ።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።