ፌስቡክ ለምሁር አይመጥንም?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ። ቁም ነገር ያለው ምሁር ፌስቡክ ላይ አይጽፍም፣ የቴሌግራም ቻናል መክፈት የወሬኛ ሥራ ነው ይባላል። አንድ ወጣት መምህር ስለ ሙያው ጥቂት አንቀጽ ሲለጥፍ ባልደረቦቹ “ሥራ ፈታህ እንዴ?” ይሉታል። ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ጉዳቱ ገበሬው ማሳ ድረስ ይዘልቃልና።

የአፈር አሲዳማነትን እንውሰድ። ከሚታረሰው መሬታችን 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው። በጎጃምና በወለጋ ደጋማ ቦታዎች ገበሬው በውድ የገዛውን ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ገብሱ ግን ቀጭጮ ይቀራል። ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ይታሰርና ተክሉ ሊመገበው አይችልም። መፍትሔውም ግልጽ ነው፤ አፈሩን አስመርምሮ፣ በልኩ ኖራ ጨምሮ፣ ከዘር ሳምንታት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ። ይህን የሚያብራሩ የመመረቂያ ጽሑፎች በየዩኒቨርሲቲው ሞልተዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ናቸው። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስልኩ ላይ ቴሌግራም አለው። “ኖራ ጨምሬ ለምን ለውጥ አላየሁም?” ለሚለው ገበሬ “ኖራው በደንብ ካልተፈጨና ካልተዋሐደ ቶሎ አይሠራም” ብሎ እንዲመልስ ግን ያንን የጻፈለት ሰው የለም።

ጥፋቱ የመምህራን ብቻ አይደለም። የማዕረግ ዕድገት በዋናነት የሚቆጥረው በጆርናል የወጣ ጽሑፍን ነው። ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ ለሚያትሙ ጆርናሎች ገበያው የደራላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። በዶላር ከፍሎ ማንም በማያነበው ጆርናል ያሳተመ ያድጋል፤ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ሺህ አንባቢ የጠየቀውና የሞገተው ግን ምንም አያገኝም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትንም የዩኒቨርሲቲ ተግባር አድርጎታል። በተግባር ግን ይህ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ባነር ተሰቅሎ፣ አበል ተከፍሎ የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ሆኖ ቀርቷል።

ኢንተርኔት ላይ የሚጻፍ ጥራት የለውም የሚሉም አሉ፤ አንድ ምሳሌ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በ2009 እ.ኤ.አ. የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ አንድ ከባድ ጥያቄ በጦማራቸው አቅርበው የፈለገ ሁሉ እንዲያግዛቸው ጋበዙ። በሳምንታት ውስጥ ማረጋገጫው ተገኘ፤ ዲ. ኤች. ጄ. ፖሊማዝ በሚል የጋራ ስምም አናልስ ኦፍ ማቲማቲክስ በተባለው ዝነኛ ጆርናል ታተመ። ሐሳቡ የተፈተነው ገና በጥሬው፣ በሁሉም ፊት ነበር።

በአደባባይ መጻፍ የሚያሳድረውን ፍርሃት አልንቅም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከታሰሩት የዞን ዘጠኝ የጦማር ቡድን አባላት አንዱ ዘላለም ክብረት የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መምህር ብዕሩን ቢሰበስብ አልፈርድበትም። ነገር ግን ስለ ኖራ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ክፍልፋይን ለልጆች ስለማስተማር ዝም ያሰኘን ፍርሃት ሳይሆን ንቀት ነው።

ዝም ያላሉትስ? አብዛኞቹ የሚጽፉት ስለ ሙያቸው ሳይሆን ስለ ብሔር ፖለቲካ ነው። በጂኦሎጂ የተገኘ ዶክትሬት በታሪክ ክርክር ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ አንባቢውም “ዶ/ር” የሚለውን አይቶ ያምናል። ይህ ከዝምታው የከፋ በደል ነው፤ ሕዝቡ ለትምህርት ያለውን አክብሮት ለጠብ ማቀጣጠያ ማዋል ነውና።

የትምህርት ክፍሎች ዘንድሮውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። እያንዳንዱ የማስተርስ ተማሪ ጥናቱን ከማቅረቡ በፊት ግኝቱን በሁለት ገጽ፣ ጥናቱ የተካሄደበት አካባቢ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ። አማካሪው ይረመው፣ በትምህርት ክፍሉ ስም በቴሌግራም ይውጣ፣ ለአማካሪውም ለዕድገት የሚቆጠር ነጥብ ይያዝለት። መጠይቅ ሲሞላ ግማሽ ቀኑን ከእርሻው የቀረው ገበሬ ውጤቱን የማወቅ መብት አለው። ጠይቀውት ከሄዱት መካከል ተመልሰው ምን እንዳገኙ የነገሩት ስንቶቹ ናቸው?