ምክርና ማስታወቂያ ይለዩ



ሰው የማያውቀውን ዕቃ ሊገዛ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ይህ ከአባቶቻችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ማር የሚገዛ ሰው ማር የሚያውቅ ጎረቤቱን፥ ኳስ የሚጫወትም ከእርሱ በፊት የተጫወተውን ታላቁን ይጠይቃል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መካሪው ለምክሩ ከሻጩ ጥቅም የሚያገኝ እንደ ሆነ፥ ይህንኑ አስቀድሞ ሊነግረን ይገባዋል የሚል ነው።

ነገሩ በራሴ ላይ ደርሷል። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ሜዳ አብረውን ከሚጫወቱት መካከል በዕድሜም በችሎታም የሚበልጠን፥ እንደ ታላቅ ወንድም የምናየው አንድ ልጅ ነበር። ታኬታ ልገዛ መሆኔን በነገርኩት ጊዜ አንድ ሱቅ ጠቁሞ፥ «ከዚያ የተሻለ በመቱ አታገኝም» አለኝ። እናቴም ቡና ለቅማ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰጠችኝ። እኔ ገዝቼ ገና ሳልሞክረው ያንኑ ምክር ለሁለት ታናናሽ ጓደኞቼ አቀበልኩ፤ እነርሱም ገዙ። የመቱን ዝናብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሦስታችንም ታኬታ ሶሉ ተገነጠለ። ኋላ እንደ ሰማነው፥ ያ ልጅ በላከው ገዢ ቁጥር ከሱቁ ኮሚሽን ይከፈለው ኖሯል።

እናቴ ብዙ አልተናገረችም። «ልጄ፥ ደላላ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እኮ እንጠነቀቅ ነበር» ብቻ አለች። እውነቷን ነው። በገበያ ላይ ደላላ ድርሻ እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ቃሉን የምንሰማው እየመዘንን ነው። የሚጎዳን ወዳጅ መስሎ የሚደልል ነው። «ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» ይባላል፤ ክራሩ ከምን እንደ ተሠራ ያልተነገረው ሰው ግን ዜማው አምሮት ያዳምጣል።

ወላጆቻችን የሚያውቁትን የቡናን ነገር እንመልከት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ቡናም በሚቀጥለው ዓመት ሲገባበት፥ የቡናው ናሙና በምስጢር ቁጥር ለቀማሾች እንዲቀርብ ተደረገ። ቀማሹ የማን ቡና እንደ ሆነ ሳያውቅ ቀምሶ ደረጃ ይሰጣል። እንዲህ የሆነው ባለቤቱን የሚያውቅ ምላስ ሊያደላ ስለሚችል ነው። የአባቶቻችን ቡና በዚህ ጥንቃቄ ከተመዘነ፥ እኛ የምንገዛውን ዕቃ ከሻጩ ገንዘብ በተቀበለ ሰው ቃል ብቻ መመዘን ተገቢ ነውን?

ሕጋችንም ይህንኑ ያስባል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በመገናኛ ብዙኃን የሚቀርብ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሜዳ ላይ በጓደኞች መካከል የሚነገረውን ቃል ግን የሚጠብቀው ሕሊና ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ያለ ነጋዴ እርዳታ ስፖርት አይኖርም» ይሉኛል። እኔም ስፖንሰርን አልነቅፍም። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቤትኪንግን የውርርድ ድርጅት ስም ይዞ ሲጠራ፥ ድርጅቱን የወደደም የጠላም ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። የክለብ ማልያም እንደዚሁ ነው፤ ስሙ በደረት ላይ ተጽፎ ይነበባል። የሚያሳስበኝ በደረት ላይ ያልተጻፈው ነው። ዛሬ በስልካችን የምናየው ዝነኛ ሰው አንድን ዕቃ ሲያሞግስ ተከፍሎት ይሁን ወይም ወዶት ብዙ ጊዜ አናውቅም።

ዘንድሮ አንድ ነጋዴ ለሰፈራችን ቡድን ማልያ ሊሰጡን ፈቀዱ፤ ነገር ግን ዕቃቸውን በየሄድንበት እንድናሞግስላቸው ጠየቁን። እኛም፥ «ጋሼ፥ ስምዎን በማልያችን ላይ በደስታ እናጽፋለን፤ ዕቃውን ግን ሳንሞክረው ጥሩ ነው አንልም» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው ተስማሙ፤ ማልያውንም ሰጡን።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ አንድ ሰው ዕቃ ሲመክራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ራስህ ተጠቅመህበታል? ለምን ያህል ጊዜ? ከሽያጩ የምታገኘው ነገር አለ? እውነተኛ መካሪ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። እኔ ራሴ ከማንም ሳንቲም ባልቀበልም ያልሞከርኩትን አሞግሻለሁና፥ ሁለቱን ታናናሽ ጓደኞቼን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ይህም መጽሔታችን የነጋዴ ማስታወቂያ የሚያወጣ ከሆነ በላዩ ላይ «ማስታወቂያ» ብሎ እንዲጽፍ፥ የረዱትንም በስማቸው እንዲያመሰግን አዘጋጆቹን በትሕትና እለምናለሁ።