ሌላ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ የሰፈር ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው ያው የድሬዳዋ አጀንዳ ነው፤ ውኃ። ፈረቃው ተዛብቷል፣ እናቶች ሌሊት ተነስተው ጀሪካን ይሞላሉ፣ ባጃጅ ያለው ውኃ እያመላለሰ ይሸጣል። አንድ ወጣት ተነስቶ «ሌላ ጉድጓድ ይቆፈርልን!» አለ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እጄን አውጥቼ «ጥሩ፤ ግን ከታች ስንት ቀርቷል? በየዓመቱስ በስንት ሜትር እየወረደ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም ተባለ። በኋላ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እዚህ እኮ ክፍል አይደለም» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ሳይመለስ ስብሰባው አለቀ።

እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ እንጂ የውኃ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ከተማችን የምትጠጣው ሙሉ በሙሉ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ወንዝ የለን፣ ግድብ የለን። ደቻቱ እንደሆነ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንዳየነው ሰው ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ስለ መሬቱ ሆድ መጠየቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን መተው የምንችል አይመስለኝም።

የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ ታስታውሳላችሁ፣ አንድ ጊዜ ከደቻቱ አሸዋ አምጥተን ግልጽ በሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሞላነው። ውኃ ጨመርንበት፣ ከዚያ ዙሪያቸውን የበሳናቸው ሁለት ቱቦዎች ተከልንበት። ሁለት «ጉድጓድ» ማለት ነው። አንዱ ልጅ በሲሪንጅ ከራሱ ጉድጓድ ሲስብ፣ ውኃው መጀመሪያ በእሱ ቱቦ ዙሪያ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰረጎደ። ቆየት ብሎ የሁለተኛዋ ልጅ ቱቦ ውስጥ ያለውም መውረድ ጀመረ። ልጅቷ ምንም አልሳበችም። «ቲቸር፣ የኔን ጠጣብኝ!» ብላ ጮኸች። እስካሁን ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት ሞዴል የሚባለው የዚያ ሳጥን ታላቅ ወንድም ነው። መሬቱን ኮምፒውተር ውስጥ በብዙ ትንንሽ ሳጥኖች ይከፋፍሉታል። ለእያንዳንዱ ሳጥን ድንጋዩ ምንድን ነው፣ ውኃ ምን ያህል ያሳልፋል፣ ከዝናብ ስንት ይገባዋል፣ ከጎረቤቱ ስንት ይቀበላል፣ ጉድጓድ ካለበት ስንት ይሳብበታል እያሉ ይሞላሉ። ሒሳቡ የእድር ሒሳብ ነው፤ የገባ ሲቀነስ የወጣ፣ የቀረው ወይ ጨምሯል ወይ ጎድሏል። ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄደውን ውኃ የሚያሰሉበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1856 ፈረንሳዊው ሄንሪ ዳርሲ ለዲዦን ከተማ ውኃ ሲሠራ ያገኘው ነው። የውኃው ከፍታ ልዩነት ሲበዛ ፍሰቱ ይበዛል፣ መንገዱ ሲረዝም ይቀንሳል፣ ቀሪው የአሸዋው ወይም የድንጋዩ ጠባይ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ፕሮግራም ሞድፍሎው ይባላል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ያወጣው ነው፤ በነጻ ይወርዳል። ስለዚህ ውዱ ነገር ፕሮግራሙ አይደለም። ውዱ ነገር ውስጡ የሚገባው መረጃ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን የኛን መሬት አስቡት። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው በደቡብ በኩል፣ ከደንገጎ በላይ ባለው ደጋ ነው። ከፊሉ በተሰነጣጠቀው የኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከፊሉ በጎርፍ ወርዶ በደረቅ ወንዞቻችን አሸዋ በኩል ይገባል። (የኖራ ድንጋዩን በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ታውቁታላችሁ፣ ያ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው።) ከዚያ ከከተማችን ሥር አልፎ ወደ ሽኒሌ ሜዳ ያመራል። መንገድ ላይ እኛ በሳቢያን ጉድጓዶችና በሌሎችም እንስባለን። ሐረርም ከዚሁ ከኛ አካባቢ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ዳገቱን እየገፋች ትጠጣለች። ደጋው ኦሮሚያ፣ ከተማው ድሬዳዋ፣ ጠጪዋ ሐረሪ፣ ሜዳው ሶማሌ። ውኃው መታወቂያ የለውም። አራት አስተዳደር በአንድ ሳጥን ውስጥ ቱቦ ተክሎ እየሳበ ነው፤ ማን የማንን እንደሚጠጣ በስብሰባ ጭብጨባ ማወቅ አይቻልም።

ሐረር ለምን እዚህ ድረስ እንደወረደች ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሐረማያ ሐይቅ! ልጅ ሆኜ በመኪና ስናልፍ መስኮቱን ከፍቼ የማየው ሐይቅ በ1990ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) ደርቆ ከብት ሲግጥበት አየሁ። ለከተማ ውኃ ተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት በየፓምፑ ተሳበ፣ ከተራቆተው ተራራ ደለል ወረደበት። እያንዳንዱ ፓምፕ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውኃ መያዝ መጀመሩ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን ሐይቅ ሲጎድል ቢያንስ በዓይን ይታያል። ከመሬት በታች ያለው ሲጎድል የሚያየው የለም፤ ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው የሚታወቀው።

ይሄን ከወሬ አይደለም የማውቀው። ከዚህ በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጉድጓድ ተቆፈረልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ተማሪ ዘፈነ፣ እኔም ፎቶ ላይ አለሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ፓምፑ እያንኮራፋ ቀረ። ባለሙያ መጣ፣ «ፓምፑን ዝቅ አድርጉት» አለ፤ ወላጅ አዋጥቶ ዝቅ ተደረገ። ለአንድ ዓመት ያህል ሠራ፣ እንደገና ቆመ። በመሐል ከአጥሩ ማዶ ለእርሻ ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ በሕግ ወጥ መንገድም አልነበረም፣ ፈቃድ አላቸው። ፈቃድ የሰጠውም የኛን ጉድጓድ ያስቆፈረውም ሰው መጥፎ ሰው አልነበረም። ብቻ ማንም ሦስቱን ጉድጓዶች አንድ ወረቀት ላይ አላያቸውም። እኔ በኋላ የውኃውን ከፍታ በመጀመሪያው ቀን ማን እንደለካ ስጠይቅ፣ ቁጥሩ እንኳን አልተገኘም። ሴት ተማሪዎቼ ወደ ጀሪካናቸው ተመለሱ። ከእነሱ ሁለቱ በዚያው ዓመት ትምህርት አቋረጡ።

«የሰው ጥማት በኮምፒውተር አይረካም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አይረካም። ሞዴል ውኃ አይጨምርም። ደግሞም ይሳሳታል፤ የሞላኸውን ነው የሚመልስልህ። ጥሩ ሞዴል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ያለፉትን ዓመታት እንዲናገር ያደርገዋል፤ በጉድጓዶቹ ከተለካው ከፍታ ጋር ያስተያየዋል። ያለፈውን በደህና ካልተናገረ ስለ መጪው እንዲናገር አይፈቀድለትም። እንግዲህ የተለካ ከፍታ ከሌለ በምን ይፈተናል? በድሬዳዋ ውኃ ላይ ሞዴል የሠሩ ጥናቶች አሉ። ቅሬታዬ ጥናቱ አንዴ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ላይ ነው። ከተማው በየዓመቱ ይሰፋል፣ ጉድጓድ ይጨመራል፤ ሞዴሉ ግን የተሠራበት ዓመት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሌላም የተሳሳተ ነገር አለ፤ «ዝናቡ የሚያስገባውን ያህል ብንስብ ምንም አይጎድልም» የሚል። አሜሪካዊው ቲስ እ.ኤ.አ. በ1940 እንዳስረዳው፣ ከጉድጓድ የሚወጣ እያንዳንዱ ሊትር ከአንድ ቦታ ይቀነሳል፤ ወይ ከተከማቸው፣ ወይ ታች ወዳለው ምንጭና ሜዳ ይሄድ ከነበረው። ከማን እንደሚቀነስና ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚታወቅ የሚነግርህ ሞዴሉ ነው። ለሽኒሌ አርብቶ አደር ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም።

ስለ ጥራቱም አንድ ነገር ልበል። ሳቢያን ድሮ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ጉድጓዶቹ በቤትና በመጸዳጃ ጉድጓድ ተከበዋል። የከተማችን ውኃ ናይትሬት የበዛበት መሆኑ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሞዴሉ ውኃው ከየት ተነስቶ በስንት ጊዜ ጉድጓዱ ጋ እንደሚደርስ ስለሚያሳይ፣ የትኛው ቦታ ላይ መጸዳጃ መቆፈር እንደሌለበት በካርታ ማስመር ይቻላል። አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይሄ ይረክሳል።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው። ጉድጓድ አትቆፍሩ አላልኩም፤ ሌሊት የሚቆመው የኔም ቤተሰብ ነው። ግን ከሚቆፈረው ጋር አንድ የማይሳብበት፣ ከፍታ ብቻ የሚለካበት የመከታተያ ጉድጓድ ይኑር። ልኬቱ በየወሩ ይለጠፍ፣ እንደ ፈረቃው ማስታወቂያ። ነባሩ ሞዴል ከመደርደሪያ ወርዶ በአዲሱ ቁጥር ይታደስ፤ አዲሱ ጉድጓድ የማንን እንደሚጠጣ ታይቶ ቦታው ይመረጥ። ልኬቱ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሜትር ያለው ገመድ ታወርዳለህ፣ ጫፉ ውኃ ሲነካ ይጮሃል፣ ቁጥሩን ትጽፋለህ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይችለዋል። የኔዎቹ እንደሚችሉ አውቃለሁ፣ ፈቃድ የሚሰጠን ከተገኘ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤያቸው እሄዳለሁ።

የሚቀጥለው ስብሰባ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ሳጥኑ አሁንም ቤት አለ፣ አሸዋውም። ይዤው እመጣለሁ። ጋሼን ከፊት አስቀምጬ ሲሪንጁን ለእሳቸው ነው የምሰጣቸው።

በውኃ ቢሮ ወይም በዩኒቨርሲቲ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከተሳሳትኩ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ የጉድጓድ ከፍታ ልኬት ያላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።