ክሬዲቱን የረሳ ስሌት

ገንዳ ውሃ ሰሊጥ እነግዳለሁ፤ ቀድሞ ግን የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገቡ የሰፈሬ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ ውጤታቸውን ያሳዩኛል። ብዙዎቹ ነጥቡን ደምረው በኮርሱ ብዛት ያካፍላሉ። አልፈርድባቸውም። እስከ 12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታቸው ላይ ያዩት አማካይ እንዲያ የተሠራ ነው፤ ሒሳብም ስፖርትም እኩል ይቆጠራሉ።

ዩኒቨርሲቲ ግን ክሬዲት አወር አለ፤ የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ተባዝቶ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል፤ ጂፒኤ የሚባለው አማካይ ይህ ነው። ባለ 5 ክሬዲቱን ኮርስ ሲ (2 ነጥብ)፣ ባለ 2 ክሬዲቱን ኤ (4 ነጥብ) ያመጣ ልጅ «ጂፒኤዬ 3 ነው» ይለኛል። 5 በ2 ሲባዛ 10፣ 2 በ4 ሲባዛ 8፤ ድምሩ 18 ለ7 ሲካፈል 2.57 ይወጣል። አባቱ ቢሆኑ አይሳሳቱም። 5 ኩንታል ሰሊጥ በርካሽ፣ 2 ኩንታል በውድ ሸጠው አማካዩን መሃል ላይ አያስቀምጡም።

እንግዲህ የአካባቢያችን፣ የመተማና የቋራ፣ መምህራን ይህን ስሌት በሰሊጥ ዋጋ ያስተምሩልን፤ በጥቅምት አጨዳ ግን አይሁን፣ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ተማሪ ይሳሳል። በአንድ ኮርስ ውስጥም ፈተናዎቹ እኩል ስለማይመዝኑ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ኩዊዙ፣ ሚዱና ፋይናሉ ከመቶ ስንት ስንት እንደሚይዙ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፈው ይስጡ። ከ50 ነጥብ 34 ይዞ ፋይናል የሚጠብቅ ተማሪ 80 ለመድረስ ከቀሪው 50 ነጥብ 46 ያስፈልገዋል። ይህን ካወቀ የትኛው ኮርስ ላይ እንደሚያመሽ ይመርጣል። አሁን ሁሉንም እኩል ሲነካካ ያመሻል፤ ባለ 2 ክሬዲቱን ኤ አምጥቶ ባለ 5ቱን ይጥላል።