አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የት ሊሠሩ ነው?

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ሁለት ዜናዎች ተከታትለው መጡ። አንደኛው፣ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘውን ሥልጠና ማስጀመሩ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመጀመሪያው ዜና በየመድረኩ ተጨበጨበለት። ሁለተኛው አምስት ወጣቶች የሚሠሩበትን የአንድ የቀድሞ ተማሪዬን ድርጅት አዘጋ። ስለ ሥልጠናው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸውና እኔ ስለ ተዘጋው በር ልጽፍ ወደድሁ።

ውድ አንባብያን፣ የምንዛሪው ለውጥ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለኢኮኖሚ ምሁራኑ እተወዋለሁ። ያ ድርጅት ምንዛሪው ከመዝለሉ በፊት በአፍ ጢሙ ሊደፋ የቀረው ነበር፤ ምንዛሪው የመጨረሻዋ ግፊት ብቻ ነው። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ በአገራችን ያሉ አነስተኛ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አገልግሎት ሰጪዎች የሚሞቱት ገበያው መዝኖ ስለጣላቸው አይደለም። መንግሥት ትልቁ ደንበኛቸው፣ ትልቁ ተፎካካሪያቸውና ብቸኛው ዳኛቸው በመሆኑ፣ በሦስቱም ወንበር ላይ ተቀምጦ አሞታቸውን ስለሚያፈስስ ነው።

ከራሴ ልጀምር፤ ነገሩ እኔንም ያስጠይቀኛልና።

በ2015 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ በባለሙያነት ተመድቤ ነበር። ጨረታው የሰነድ አያያዝ ሶፍትዌር ከነሰርቨሩ ለማሠራት የወጣ ነው። ከተጫራቾቹ መካከል የተማሪዬን ድርጅት ስም ሳይ፣ ከግምገማው ልውጣ ብዬ ለሰብሳቢው አመለከትሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ዶክተር፣ እርስዎ ያላስተማሩት ተጫራች ብንፈልግ ጨረታው መሰረዙ ነው» አሉኝ። እኔም ተቀመጥሁ።

መስፈርቱ ባለፉት አምስት ዓመታት ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን አምስት ሥራዎች ሠርቶ ያስረከበ ይላል፤ አማካይ ዓመታዊ ገቢው ከሥራው ግምታዊ ዋጋ እጥፍ የሆነ ይላል፤ ከሰርቨር አምራቹ የውክልና ደብዳቤ ያለው ይላል። የተማሪዬ ድርጅት ከተቋቋመ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ያቀረበው የሥራ ሐሳብ አንድ ገጹ እንኳ ሳይነበብ ወደቀ። በቃለ ጉባኤው ላይ የእኔም ፊርማ አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ስለዚያ ጨረታ ስናነሣ «ሥራውን የሠራነውማ እኛ ነን» አለኝ። አሸናፊው ድርጅት ኮምፒውተር አስመጪ ነበር፤ አንድም ፕሮግራም ጻፊ አልነበረውም። ሶፍትዌሩን ለተማሪዬ በቃል ስምምነት፣ ከተከፈለው ዋጋ በጥቂቱ ሰጠው። መሥሪያ ቤቱ ለአስመጪው ክፍያ ሲያዘገይ፣ አስመጪው ለልጆቹ አዘገየ። ሰርቨሩ ሳይገዛ ምንዛሪው ዘለለ፤ አስመጪው የዋጋ ማስተካከያ ክርክር ገጠመ፤ ልጆቹ ግን የሚከራከሩበት ወረቀት እንኳ አልነበራቸውም። የቢሮ ኪራይ ሰባት ወር ተጠራቀመባቸውና በሩን ዘጉት።

ሊወጣ ሲል «ቃለ ጉባኤውን እርስዎም እንደፈረሙ አውቃለሁ፤ አልተቀየምሁዎትም። መስፈርቱን ያወጡት እርስዎ አይደሉም» አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ተቀይሜዋለሁ።

እስቲ እንጠይቅ፤ ያ መስፈርት ምንን ጠበቀ? የሕዝብን ገንዘብ ነው እንዳይባል፣ ያው ሥራ በእነዚያው ልጆች እጅ ተሠርቶ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኗል። ጥራትን ነው እንዳይባል፣ የሥራ ሐሳቡን ያነበበው የለም። የጠበቀው የባንክ ሒሳብ መግለጫ ያለውን ሰው ነው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል እንዲሉ፣ ሊያስወጡት የፈለጉትን «ልምድ የለውም» ይሉታል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ፣ ሥራ የሚገኘው ከልምድ ከሆነ ደግሞ፣ ወደ ክቡ የሚገባው ቀድሞ ውስጥ የነበረ ብቻ ነው።

መስፈርቱን ያለፈ እንኳ ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል። የጨረታ ማስከበሪያ ያስይዛል፤ ቢያሸንፍ የውሉን 10 በመቶ ማስከበሪያ ያስይዛል፤ ቅድመ ክፍያ ቢፈልግ የዚያኑ ያህል ዋስትና ያቀርባል። ዋስትናውን የሚሰጠው ባንክ ነው፤ ባንኩ የሚጠይቀው ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የአእምሯዊ ንብረት መብትም ጭምር፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ተፈቅዷል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ የብድር ሠራተኛ የሰው ኃይል አስተዳደር ሶፍትዌር ስንት ብር ያወጣል ቢባል በምን ይገምታል? አንድ የጭነት መኪና ግን በዐይኑ ዐይቶ ይገምታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ያቺ የቀረችው ጠባብ ብድር ለማን እንደምትሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ልማዱ አልተለወጠም።

ደንበኛው መንግሥት ይህን ይመስላል። ተፎካካሪውስ?

መርካቶ ውስጥ ስኳር በጅምላ የሚያከፋፍልህ ነጋዴ፣ ከሱቅህ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ በችርቻሮ ቢሸጥ ምን ትለዋለህ? ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የያዘው ቦታ ይህ ነው። የኢንተርኔት መስመሩን ለአነስተኛ ድርጅቶች ይሸጣል፤ የአገሪቱን የኢንተርኔት መለያ ስም ያስተዳድራል፤ ከዚያም ድረ ገጽ ማስተናገድና የክላውድ አገልግሎት ለእነዚያው ድርጅቶች ደንበኞች ራሱ ያቀርባል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ በኋላም ዘመን ገበያ የተሰኘ የኤሌክትሮኒክ የግብይት መድረክ ጨመረ። በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ ያስገባ ድርጅት አምስት ሰው ካለው ድርጅት ጋር በአንድ ሜዳ ተሰልፏል።

ድርጅቱ ትልቅ በመሆኑ አልከሰውም፤ ሠራተኞቹም ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው። የምከሰው ደንበኛ በትእዛዝ መሰጠቱን ነው። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ እንዳይሸጥ ሲወሰን፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሽከርካሪ ሁሉ በአንድ ቀን ሊባል በሚችል ፍጥነት የቴሌብር ደንበኛ ሆነ። ሌሎች አማራጮች የገቡት በኋላ ነው። የትኛው የግል ድርጅት ነው በመንግሥት መመሪያ ደንበኛ የሚታደለው? ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው ሲባል ደስ ይለኛል፤ ምን ያህሉ መርጦ፣ ምን ያህሉ ታዝዞ እንደመጣ ግን የነገረን የለም።

ወደ ዳኛው እንምጣ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በሌላው ዓለም አዲስ ንግድ የነበረ ሥራ በእኛ አገር የኢንተርኔት ካፌ ባለቤትን ወንጀለኛ አደረገ። ሕግ ሳያስፈልግ የሚሰጥ ፍርድም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ። መቀሌ ወይም ባሕር ዳር ላይ ሦስት ኮምፒውተር ተክሎ ከውጭ ሥራ ይቀበል የነበረ ወጣት፣ ለደንበኛው «አገሬ ኢንተርኔቴን ዘጋችው» ብሎ የሚጽፍበት መስመር እንኳ አልነበረውም። ለጠፋበት ደንበኛ የካሰው የለም፤ ይካስ ብሎ የጠየቀም የለም።

የአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ከፈተ ይባላል። እውነት ነው፤ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አግኝቷል። ፉክክር መምጣቱ ለሁላችንም በጀ። ነገር ግን በሩ የተከፈተው በዝሆን ቁመት ነው፤ ዝሆን ገባ፣ የፍየሎቹ መግቢያ ግን እንደተዘጋ ነው።

መክፈት ሲፈለግ እንደሚቻል ማስረጃው ከደጃችን አለ። በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት መመሪያዎችን ሲያወጣ፣ ለሞባይል ገንዘብ አውጪዎች የ50 ሚሊዮን ብር የካፒታል ወለል ቢያስቀምጥም፣ ለክፍያ መተላለፊያ ሥራ ለብቻው ሌላ የፈቃድ ደረጃ አዘጋጀ። ብዙም ሳይቆይ ቻፓን፣ አሪፍፔይንና ሳንቲምፔይን የመሳሰሉ አገር በቀል ድርጅቶች ብቅ አሉ። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች ከድረ ገጻቸው ላይ ክፍያ የሚቀበሉት በእነዚህ በኩል ነው። መንግሥት ራሱ የሚገዛበት የኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓትም የተሠራው ፔራጎ በተባለ አገር በቀል ድርጅት ነው። ችሎታው አለ፤ የጎደለው በር ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ልስማ፤ የሚሉት ባዶ አይደለምና። «እነዚህ ትንንሽ ድርጅቶች ሥራ ጀምረው ይጠፋሉ፤ የይለፍ ቃሉን እንኳ ሳያስረክቡ ይበተናሉ፤ የዜጎችን መረጃ ለእነሱ ማመን አደጋ ነው» ይላሉ። እኔም እንዲህ ያለውን ጥፋት በዐይኔ ዐይቻለሁ። ሰነድ የሌለው ሶፍትዌር፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሌለው ሰርቨር፣ ስልኩን ያጠፋ ባለሙያ አጋጥሞኛል። ተማሪዬ ራሱ የሰርቨር ኪራዩን ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቱ ልጅ በራሱ ካርድ ይከፍልለት ነበር፤ ዶላር የሚከፍልበት ሌላ መንገድ አልነበረውምና። የአጎቱ ልጅ ካርዱን ቢለውጥ የደንበኞቹ ሁሉ ድረ ገጽ ይጠፋ ነበር። ይህ አሠራር ነው ብዬ አልከራከርም።

ይሁንና ምክንያቱን ማየት ይገባል። ዓመት ሙሉ ያልተከፈለው ድርጅት ቢጠፋ ምን ይገርማል? ለጥገና በጀት ያልያዘ መሥሪያ ቤት፣ የጠጋኝ መጥፋትን በጠጋኙ ማሳበቡ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይደለምን? ትልቅ ድርጅት አይጠፋም ማለትስ አገልግሎቱ አይጠፋም ማለት ነው? ያ አስመጪ ዛሬም በሩ ክፍት ነው፤ የሰነድ አያያዝ ሥርዓቱ ግን ቆሟል። መሥሪያ ቤቱ ወደ ወረቀት መዝገቡ ተመልሷል። ዜጋው ጉዳዩን ለማስፈጸም እንደ ጥንቱ «ነገ ተመለስ» እየተባለ ይመላለሳል። አምስቱ ልጆች የደረሰባቸው በደል የእነሱ ብቻ የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

ምን ይደረግ? የምጠይቀው ድጎማ አይደለም። የግዥ ሕጉ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ የደነገገው በወረቀት እንዳይቀር፣ ትልልቅ የሶፍትዌር ጨረታዎች ተከፋፍለው ይውጡ፤ የሰርቨር ግዥ ከሶፍትዌር ሥራ ይለይ። አስመጪው ያስመጣ፣ ጻፊው ይጻፍ። ተጫራች በዕድሜው ሳይሆን ሠርቶ በሚያሳየው ናሙና ይመዘን። መሥሪያ ቤት የተረከበውን ሥራ በተወሰነ ቀን ካልከፈለ ወለድ ይታሰብበት፤ ግብር ያዘገየ ነጋዴ እንደሚታሰብበት ሁሉ። የኢትዮ ቴሌኮም የጅምላና የችርቻሮ ሒሳብ ተለይቶ፣ ለራሱ ክፍል የሚሸጥበትን ዋጋ ለሌላውም እንዲሸጥ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስገድደው። ኢንተርኔት ሲዘጋም የዘጋው አካል በስሙ ይጠየቅ።

ከእነዚህ አንዱም አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከሦስቱ ወንበሮች ከአንዱ መነሣትን ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ስለ ሥራ ፈጠራ ብዙ ብሏል። ነገር ግን የተመረቀ መተግበሪያ ይቆጠራል እንጂ የተዘጋ ድርጅት አይቆጠርም። የሠለጠነ ኮደር ይቆጠራል፤ የሚቀጥረው ግን ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ተማሪዬ አሁን ከቤቱ ሆኖ ለአንድ የውጭ ድርጅት ይሠራል። ከድሮው የተሻለ ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ለእሱ አትዘኑለት። አራት ሰው መቅጠር ግን ትቷል፤ ለአገሩ መሥሪያ ቤት ዳግመኛ መስመር ኮድ እንደማይጽፍም ምሎ ነግሮኛል። ለእኛ ነው ማዘን።

ያ መሥሪያ ቤት ሰሞኑን ጨረታውን እንደገና ሊያወጣ ነው። በገምጋሚነት እንድመለስ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከደብዳቤው ጋር መስፈርቱ ተያይዟል። አነበብሁት፤ አንድ ቃል አልተለወጠም። መስፈርቱ ካልተሻሻለ ፊርማዬን እንደማላኖር ጽፌ መልሻለሁ። እስካሁን መልስ አላገኘሁም። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተመድቦ ከሆነ፣ ያ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብብልኝና ከመፈረሙ በፊት አንድ የሥራ ሐሳብ ቢከፍት ደስታዬ ነው።

ቸር ይግጠመን!