ክርን ለሁለት ማጠንጠን

ተከዜ በሱዳን ምድር ሰቲት ተብሎ አትባራን ይቀላቀላል። በ1861 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከአትባራ ግዙፍ ዓሣ በመንጠቆ እንዳወጣ ጽፏል። እኔ ግን ባለቤቴ ድስት ጥዳ ስትጠብቀኝ ባዶ እጄን ተመለስሁ፤ በችኮላ ያጠነጠንሁት ናይሎን ተቋጥሮ ተበጥሶ ነበር።

ቀጭን ክር ርቆ ይወረወራል፤ ወፍራም ክር ይጸናል። ማጠንጠን ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ባል መዘውሩን ሲያዞር ሚስት ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ትያዝ። ከጥቂት ዙር በኋላ አላልታችሁ ተመልከቱ፤ ከተጠማዘዘ ክሩ የመጣበትን ጥቅል ገልብጡት። ማጠንጠኛው እስከ ጠርዙ ሊሞላ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ፤ ከበዛ ይተበተባል፣ ካነሰ አይርቅም።

ዛሬ ጨርቁን የምትይዘው ባለቤቴ ናት፤ ድስቱንም የምንጥደው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ነው።