የቪዲዮ ጨዋታ በእውነት ሱስ ይሆናልን?

ሱስ የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በአፍ የሚገባውንና ከደም የሚዋሐደውን ነገር፣ ማለት መጠጥን፣ ጫትንና ትምባሆን ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ከቪዲዮ ጨዋታ መለየት አቃተው ሲባል፣ አንዳንዱ ሰው ነገሩን የልጅነት አመል ነው ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ጨዋታን ሁሉ እንደ መርዝ ቈጥሮ ልጁን በዱላ ያሳድደዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስተዋል፤ ስሕተቱም የሚጐዳው ልጁን ስለ ሆነ ጉዳዩን ማስተዋል ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎችን ዝርዝር በየጊዜው እያሻሻለ ያወጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ጉባኤው የተቀበለውና ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዝርዝር፣ የቪዲዮ ጨዋታን ሕመም ከቁማር ሕመም ጐን መዝግቦታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰውየው ጨዋታውን መጀመሪያና መጨረሻ ሊያበጅለት አለመቻሉ፤ ሁለተኛ፣ ጨዋታው ከትምህርት፣ ከሥራና ከሌላው ደስታ ሁሉ መቅደሙ፤ ሦስተኛ፣ ጉዳቱ እየታየም ጨዋታው መቀጠሉ ነው። እነዚህም ኑሮን ክፉኛ ያወኩና አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወራት የቈዩ መሆን አለባቸው። በቀን ይህን ያህል ሰዓት የተጫወተ በሽተኛ ነው የሚል ቃል ግን በዚያ እንደሌለ ልብ ይሏል።

ታዲያ በአፍ ያልገባ ነገር እንዴት ሱስ ይሆናል? ለዚህ ቁማር ምስክር ነው። ቁማርተኛ የሚውጠው ነገር ሳይኖር ቤቱን ይሸጣል። በ1998 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በ8 ወንዶች ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ ሰው የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወት በአንጐሉ ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ይመነጫል። እርግጥ ነው፣ ይህ ብቻውን ሱስን አያስረዳም፤ መልካም ምግብም ይህንኑ ያደርጋልና። ነገር ግን ከጨዋታዎቹ አንዳንዶቹ ሽልማታቸው መቼ እንደሚመጣ እንዳይታወቅ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ሽልማቱ በማይታወቅ ሰዓት የሚመጣለት ሰው ደግሞ በየጊዜው ከሚሸለመው ይልቅ ነገሩን ለመተው ይቸገራል። ምን እንዳለበት ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛውን የጨዋታ ሣጥን የቤልጅግ መንግሥት በ2018 ዓ.ም. ከቁማር ቈጥሮታል።

ዳሩ ግን በዚህ ነገር የማይስማሙ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ጉዳዩን ገና ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ነገሮች መካከል አኑሮታል። ተከራካሪዎቹ የሚሉት፣ ልጁን ወደ ጨዋታው የሚያስጠጋው አስቀድሞ ያደረበት ኀዘን ወይም ብቸኝነት ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛውንም በሽተኛ ብሎ መሰየም ሌላ ጉዳት ያመጣል ነው። በእርግጥም በ2017 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በካናዳና በጀርመን ከ1,000 ሰው ሕመሙ አለበት ሊባል የሚችለው ከ3 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂትነቱ ሕመሙን ሐሰት አያደርገውም። ኀዘኑን ለመርሳት የሚጠጣ ሰውም በመጠጥ መያዙ አይቀርም።

ነገሩን በትእዛዝ ለመግታት ከሞከሩት አገሮች አንዷ ደቡብ ኮሪያ ናት። በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ነገር ግን ልጆቹ ሕጉ ወደማይደርስበት የእጅ ስልክ ጨዋታ አዘነበሉ፤ ሕጉም ከ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ተሽሯል። በር መዝጋት ብቻውን ፈውስ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በከተሞቻችንም የፕሌይስቴሽን ቤቶችና የእጅ ስልክ ጨዋታዎች ለልጆች ቅርብ ናቸው። ስለዚህ መምህርም ሆነ ወላጅ ስንት ሰዓት ተጫወተ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ምን ተወ ብሎ ይጠይቅ። ኳስ መጫወት ትቷልን? ከጓደኞቹ ርቋልን? በክፍል ውስጥ ያንቀላፋልን? ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ትምህርቱን የሚከታተል፣ በደንብ የሚተኛና ሲጠሩት የሚነሣ ልጅ ቢጫወት ነውር የለበትም። እነዚህን ሁሉ ያጣው ልጅ ግን ዱላ ሳይሆን የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል። የጨዋታው ሰዓት ከልጁ ጋራ ተመክሮ ይወሰን፤ ስልኩም ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ካልታየ፣ እንደ ማንኛውም ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ አፍረን ልጁን በቤት አንደብቀው።